አንቲቫይረስ ለማስነቀል የተላኩ ሽማግሌዎች

በእኛ አገር ባዶ እጁን ሰው ቤት የሚገባ የለም። ይህን ልማድ ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ግን ሰፊ ቤት የነበረው ሰው መሆን አለበት። የመጣ ዕቃ ይገባል እንጂ አይወጣምና። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የፈለጋችሁት ቤት ገብታችሁ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩት፣ ባለቤቱ ራሱ መርጦ ያስቀመጠውን ነገር ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቆመ ሰዓት የሚዜዎች ነው። ቡፌው ላይ አቧራ ጠግቦ ቀለሙ የጠፋው የፕላስቲክ አበባ የአክስት ነው። ሁለት አጋዘኖች ውኃ ሲጠጡ የሚያሳየው የግድግዳ ምንጣፍ ከጎረቤት የመጣ ነው፤ ጎረቤትየውም ከሌላ ሰው ተቀብሎ የሚያኖርበት ቢያጣ ያሳለፈው ነው። «ይህ የማይሠራ ሰዓት ለምን አይወርድም?» ብላችሁ ብትጠይቁ ባለቤቱ ደንግጦ ወደ በሩ ያያል። «ድንገት ቢመጡስ?» ይላችኋል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሚዜዎቹ ከመጡ ስንት ዘመናቸው። ሰዓቱ ግን ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ይህን «ድንገት ቢመጡስ» የሚሉትን ነገር ከቀበሌው ሊቀ መንበር አስበልጦ የማይፈራ ቤተሰብ አይቼ አላውቅም። ሊቀ መንበሩ ቢያንስ በምርጫ ይነሳል ተብሎ ተስፋ ይደረጋል።

ታዲያ ዘመን መለወጡ አልቀረም። ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር የተማረ ሰው ሲበዛ፣ ድሮ ሙዝና ስኳር ይዞ ይመጣ የነበረው እንግዳ አንገቱ ላይ ፍላሽ አንጠልጥሎ መምጣት ጀመረ። ገና ከመቀመጡ ዓይኑ ላፕቶፑ ላይ ያርፋል። «እስቲ ልየው» ይላል። ይከፍተዋል፤ ቅንድቡን ይሰበስባል። «እስከ ዛሬ ያለ አንቲቫይረስ ነው የምትጠቀሙት?» ብሎ ልጅ ሳያስከትቡ የቀሩ ወላጆችን እንደሚቆጣ የጤና ሠራተኛ ያያችኋል። እናንተም ታፍራላችሁ። እሱም ይጭንላችኋል። አይ፣ ይቅርብን ማለት አይቻልም። የመጣለትን ሙዝ የመለሰ ማን አለ?

የእኛ ላፕቶፕ አባዬ ባሕር ዳር ከሚኖር የድሮ ጓደኛው የገዛው ነው። እኛ ቤት ሲደርስ ጡረታ መውጣት የነበረበት ዕቃ ነበር። ባትሪው ስለሞተ ቻርጀሩ ከተነቀለ እሱም አብሮ ይጠፋል። ሲነሳ የወፍጮ ቤት ድምፅ ያሰማል። አስነስታችሁት፣ ሻይ ጥዳችሁ፣ ጠጥታችሁ፣ ብርጭቆውን አጥባችሁ ስትመለሱ ነው እንኳን ደህና መጣችሁ የሚላችሁ። እማዬ ግን ነጭ ዳንቴል አልብሳ እንደ ክቡር ሽማግሌ ትይዘው ነበር።

በዚህ ክቡር ሽማግሌ ጀርባ ላይ ሁለት ሰዎች ስጦታቸውን ጭነዋል። የመጀመሪያው ጋሼ ይሁኔ ናቸው። የእማዬ አጎት ናቸው፤ ማንኩሳ ይኖራሉ። እማዬ በልጅነቷ ከእሳቸው ቤት ሆና ነው የተማረችው። በአንድ ወቅት የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ስለነበራቸው ከዘመዶቻችን ሁሉ ኮምፒውተር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው ይባላል። ይባላል ነው ያልሁት። ሁለተኛው አቶ ስመኘው ናቸው፤ አባዬ በሚሠራበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት የአባዬ አለቃ። ለትንሣኤ ዶሮ ሊበሉ መጥተው የጋሼ ይሁኔን አንቲቫይረስ አዩና «ይኼም አይከፋም፤ ግን የእኔም ይኑርበት» ብለው የራሳቸውን ደረቡበት። አባዬ ከወገቡ ታጥፎ አመሰገነ። ከዚያ ወዲያ አቶ ስመኘው ቢሮ ውስጥ ሲያገኙት «እንዴት ነው፣ ይሠራል?» ይሉታል። አባዬም «በጣም እንጂ» ይላል። ላፕቶፑ ከሠራ ሰነባብቷል።

ይህ ሁሉ ቀልድ ሆኖ በቀረ ነበር፤ የእማዬ ጽሑፍ ባይኖር።

እማዬ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ሌላው መምህር በክረምት ቤቱ ቁጭ ብሎ እሸት በቆሎ ሲጠብስ፣ እሷ ቡሬ ወዳለው ካምፓስ እየተመላለሰች ለዲግሪ ትማር ነበር። ጭቃ፣ ዝናብ፣ የሰው ቤት መኝታ፣ ሁሉንም ችላዋለች። የቀራት አንድ የጥናት ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ ተማሪዎች በገበያ ቀን ለምን ከትምህርት እንደሚቀሩ የሚል። ለዚህ ብላ በየገበያው እየዞረች ተማሪዎቿን ዶሮ ሲሸጡ እየያዘች ጠይቃለች። አማካሪዋ ጽሑፉን አንብበው በቀይ ቀለም አዥጎረጎሩትና መለሱላት። አርማ፣ አሳትማ፣ እስከ ዓርብ ካላመጣች ስሟ ከዘንድሮ ተመራቂዎች ይወጣል። ሌላ ዓመት ትጠብቃለች ማለት ነው።

«ሌላ ክረምት ቡሬ ከምመላለስ ሰማዩን ብጠግን ይቀለኛል» አለችን። እውነቷን ነበር፤ ጉልበቷን ታም ነበር።

ችግሩ፣ ጽሑፉ ተከፍቶ ሠንጠረዦቹ ያሉበት ገጽ ላይ ሲደርስ ላፕቶፑ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ ያደርግና ይደርቃል። ሜሞሪ አንሶኛል፣ ፕሮግራም ዝጉልኝ ነው የሚለው። እማዬ የምትዘጋው ሌላ ፕሮግራም የላትም። ያረመችው ሁሉ ይጠፋል። እንደገና አስነስታ እንደገና ትጽፋለች፤ እንደገና ይደርቃል። አንድ አንቀጽ ደጋግማ ከመጻፏ የተነሳ ማታ እራት ስታቀርብ በቃሏ ትለው ጀመር።

አባዬ ነገሩን ሰማና እንደ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ስብሰባ ጠራ። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ እርስ በርሱ የሚገማገምበት ጊዜ ነበር፤ አባዬ ደግሞ ቢሮ የለመደውን ቤት ይዞ መምጣት ይወዳል። «ላፕቶፑ ሞልቷል» አለ። «አላስፈላጊውን ከአስፈላጊው መለየት አለብን።» ካይዘን የሚባል ሥልጠና ወስዶ በመጣ ሰሞን ነው። እኔና እማዬ ወንበር ስበን ተቀመጥን። እያንዳንዱ ፋይል ቀርቦ ተገመገመ። መጀመሪያ ሙዚቃዎቹ ተሰረዙ። ከዚያ የእኔ ፎቶዎች ተሰረዙ፤ ተቃውሞ አልቀረበም፤ እኔ በልቤ ነበር የተቃወምሁት። ከዚያ የአክስቴ ሰርግ ቀረበ።

«ይኼ እንኳን ይቆይ» አለች እማዬ።

«እሷ ያለችው አዲስ አበባ ነው» አለ አባዬ። «ድንገት አትመጣም።»

ሰርጉ ተሰረዘ። ሙሽራዋ፣ ሙሽራው፣ ኬኩ፣ የአጎቴ እስክስታ፣ ሁሉም ሄደ። ላፕቶፑ ተነሳ፣ ጽሑፉ ተከፈተ፣ ሠንጠረዡ ጋ ደረሰ፣ ደረቀ። አባዬ ማስጠንቀቂያውን አየና «የተሰረዘው አንሷል» አለ። ያን ዕለት እማዬ ባታስቆመው የቤቱን ሶፋም ይሰርዘው ነበር።

ማግስቱን እማዬ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ እኔ ወደምማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዛው መጣች። የአይሲቲ መምህራችን አየው። ታስክ ማናጀር የሚባለውን ከፈተና ማን ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ አሳየን። ከላይ ሁለቱ አንቲቫይረሶች ጎን ለጎን ተኮፍሰው ተቀምጠዋል።

«ሜሞሪ ማለት ጠረጴዛ ነው» አላት። «ፎቶና ሰርግ የሚቀመጠው መደርደሪያ ላይ ነው። እናንተ መደርደሪያ ስትጠርጉ ሰነበታችሁ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ እነዚህ ሁለቱ እግራቸውን ሰቅለዋል። እርስዎ ፋይል ሲከፍቱ አንዱ ይፈትሻል፤ አንዱ ሲፈትሽ ሌላው ደግሞ እሱን ይጠረጥራል። ለእርስዎ ጽሑፍ የሚሆን ቦታ ከየት ይምጣ?»

«ቦታው አይጨመርም?»

«ይጨመራል፤ ግን የዚህ ዓይነት አሮጌ ሜሞሪ ባሕር ዳርም ቢፈለግ መገኘቱን እንጃ። ለዓርብ አይደርስም። እነዚህን መንቀል ነው። ሁለቱም ቢነቀሉ ጥሩ፤ ካልሆነም አንዱ ይነቀል። አሁን ልንቀላቸው?»

ጣቱን ማውዙ ላይ አደረገ። ከመከራችን የሚለየን የዚያ ጣት አንድ እንቅስቃሴ ነበር። እማዬ የጋሼ ይሁኔን አንቲቫይረስ ምልክት አየች።

«ቆይ» አለች።

እንግዲህ ፍረዱ። ዲግሪው የራሷ፣ ላፕቶፑ የቤቷ፣ የታመመው ጉልበት የራሷ። መምህሩ መድኃኒቱን ነግሯታል፤ ጣቱም ተዘጋጅቷል። እሷ ግን ላፕቶፑን መልሳ በነጠላ ጠቀለለችው። «ከቤት ተማክሬ ልምጣ» አለችው። መምህሩ ምን እንዳሰበ አላውቅም። እኔ ግን መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

ምክክሩ እራት ላይ ተጀመረ።

«አንዱ ከተነቀለ ይበቃል ብሏል» አለች እማዬ። «የአቶ ስመኘው ይነሳ።»

አባዬ ጉርሻው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። «የአለቃዬ? የዓመቱ ግምገማ መዳረሻ ላይ?»

«እና የማን ይነሳ ልትል ነው?»

«ጋሽ ይሁኔ ዘመድ ናቸው። ዘመድ ይረዳል።»

«ዘመድ ነው የማይረዳ» አለች። «ከእሳቸው ቤት ሆኜ ነው ፊደል የቆጠርሁ። ነገ መጥተው ሲያጡት ምን እላቸዋለሁ? እርስዎን ነቅዬ የባሌን አለቃ አስቀረሁ ልበላቸው?»

«እኔስ አቶ ስመኘውን ምን ልበላቸው?»

«ይሠራል ወይ ሲሉህ ይሠራል በላቸዋ። እስከ ዛሬስ እንዲያ አይደል የምትል?»

«አይተው ቢጠይቁኝስ?»

ሁለቱም እንዲህ ሲነጋገሩ አመሹ። ሁለቱም የሌላውን ሰው ነቅለው የራሳቸውን ለማስቀረት ነበር የሚሟገቱት። የእማዬን ጽሑፍ ያነሳ ግን የለም፤ ጽሑፉን አማካሪዋ በቀይ ቀለም ካዥጎረጎሩት የባሰ እኛ ረስተን በድለነዋል። ጠዋት አባዬ ቻርጀሩን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና «የችኮላ እርምጃ እንዳይወሰድ» ብሎ ቢሮ ይዞት ሄደ። እማዬ በተራዋ ምሳ አላቀረበችለትም። ማክሰኞ እንዲህ አለፈ።

ረቡዕ ጠዋት አባዬ መፍትሔ ይዞ መጣ። ሽማግሌ ይላካል።

እየቀለድሁ አይደለም። ጎረቤታችን አያ ፈንቴ በሰፈራችን የታወቁ አስታራቂ ናቸው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተገፋ ድንበር፣ የነከሰ ውሻ፣ ያልያዙት ጉዳይ የለም። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ግን ይህ ለሽምግልና አያግድም። የጋሼ ይሁኔ ይነሳ የሚለውን እማዬ ሳትወድ ተቀበለች፤ አባዬ፣ አያ ፈንቴና እኔ ማንኩሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። እኔ የተወሰድሁት «ሙያዊ ማብራሪያ» እንድሰጥ ነው። እናቴን ብታዩዋት ታዝኑላት ነበር፤ ዓርብ እየመጣባት በር ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘችልን።

ጋሼ ይሁኔ ግቢያቸው ውስጥ ራዲዮ እያዳመጡ አገኘናቸው። ሦስት ሰው ከበሩ ቆሞ ሲያዩ ራዲዮኑን ዘጉት።

«እህስ፣ በደህና ነው? ግቡ እንጂ።»

«ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አያ ፈንቴ በዱላቸው ተደግፈው።

የጋሼ ይሁኔ ፊት ተለወጠ። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው አዩንና ፈጥነው ተመለሱ፤ ወዲያው ጋቢ ይዘው መጥተው ለባላቸው ደረቡላቸው። ጋሼ ይሁኔ ተስተካክለው ተቀመጡ።

«ተናገሩ።»

«ከዚህ ቤት ወጥቶ ከእነሱ ቤት የገባ አንድ ነገር አለ» ብለው ጀመሩ አያ ፈንቴ። «በፍቅር ነው የገባ። በክብር ነው የኖረ። ማንም ክፉ አልተናገረው። ዛሬ ግን ቤቱ ጠበበ፤ ቤቱም አረጀ። እንግዲህ በክብር እንደ ገባ በክብር ይውጣ ለማለት ነው አመጣጣችን።»

ጋሼ ይሁኔ አባዬን አዩት። አባዬ እኔን አየኝ። «ንገሪያቸው» አለኝ በጆሮዬ። ከዚያች ሰዓት በፊት ለጋሼ ይሁኔ ከሰላምታ በላይ ተናግሬ አላውቅም።

«አንቲቫይረሱ ነው ጋሼ» አልሁ። «ይነቀል እንዲሉን ነው።»

ባለቤታቸው ከጓዳው በር ላይ «እኔ ደግሞ ለመቅደስ የመጡ መስሎኝ» አሉና ገቡ። መቅደስ ልጃቸው ናት። ሽማግሌ ለእሷ ቢመጣ የተሻለ ምክንያት በሆነ ነበር።

«ምን አጠፋ?» አሉ ጋሼ ይሁኔ።

«ምንም አላጠፋ» አለ አባዬ። «ላፕቶፑ ነው አቅም ያነሰው።»

«እሷ ናት የላከቻችሁ?»

«እሷማ ከስንት ልመና በኋላ ነው እሺ ያለች።»

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። ትንሽ የለዘቡ መሰለኝ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «የእኔ ሲነቀል የማን ይቀራል?»

አባዬ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔም የእሱን ጫማ አብሬ አየሁ። ይህን ጥያቄ አያ ፈንቴ እንዳይመልሱት መንገድ ላይ መንገር ነበረብን፤ አልነገርናቸውም።

«የአለቃው ነዋ» አሉ አያ ፈንቴ በቅን ልቦና።

አንዲት ዶሮ በመካከላችን አለፈች። ጋሼ ይሁኔ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «ገባኝ» አሉ። «እንግዲያው ሌላ እጅ አይንካው። ነገ ራሴ መጥቼ በእጄ አወጣዋለሁ።»

ስንመለስ አባዬና አያ ፈንቴ በደስታ ሚኒባሱን ሞሉት። «እንዲህ ነው ሽምግልና» አሉ አያ ፈንቴ። «ዛሬ ያለ ጭቅጭቅ የተነቀለ ነገር አይቻለሁ።» ገና አልተነቀለም ነበር። ግን ማን ደፍሮ ይናገራል?

ሐሙስ ዕለት እማዬ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። ዶሮ ሠራች። ቀይ ቀለም የሞላበትን ጽሑፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አባዬ ቻርጀሩን ከቢሮ መልሶ አመጣው፤ በመልካም አስተዳደር በኩል ቅሬታ የቀረበበት ይመስል ፊቱን አጨፍግጎ። ጋሼ ይሁኔ ረፋድ ላይ ይደርሳሉ ብለን ጠበቅን። ምሳ ሰዓት ደረሱ። ኮት ለብሰዋል፤ ፍላሻቸው አንገታቸው ላይ ነው።

ላፕቶፑ እየተንገጫገጨ ተነሳ። ጋሼ ይሁኔ አዩት። «መጀመሪያ እህል ይቅመሱ» አለ አባዬ። ይህን ባይል ምን ነበረበት? ቀረቡ። በሉ። ጉርሻ ባነሱ ቁጥር አንድ ታሪክ ይናገራሉ፤ የጽሕፈት አገልግሎት በነበራቸው ጊዜ የፈረስ ቤት ከተማ ሰው ሁሉ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ከእሳቸው ዘንድ እንደነበር፤ ያኔ ኮምፒውተር የሚባለው ቁም ሣጥን ያክል እንደነበር። እጃቸውን ሊታጠቡ ይነሳሉ ስንል ሌላ እንጀራ ይዘረጋሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሆዳቸው ከጠገበ ቆይቷል። ያንን ነገር በእጃቸው ላለመንካት ነበር የሚበሉት።

ከሰዓት በኋላ መብራት እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ሰሞን ተራው የእኛ ሰፈር ነበር። እማዬ ሰዓቷን አየች። ጽሑፏን አየች። አጎቷን አየች፤ ቅልጥሙን ገና መጀመራቸው ነው። ከዚያ ወንበሯን ስባ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች።

መምህሩ ያሳየንን ታስታውሳለች። ፈልጋ አገኘችው። ላፕቶፑ ሳይቀር እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እርግጠኛ ነበረች። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው። ስታበቃ አጥፍታ አስነሳችው። ከዚያ ዞር አለች።

«ጋሼ» አለቻቸው። «ነቀልሁት።»

የአባዬ እጅ ወጡ ውስጥ ቀረ። ጋሼ ይሁኔ ቅልጥሙን ቀስ ብለው አስቀመጡት። እማዬ ቆማለች። ያሳደጓት ሰው ናቸው፤ ከአሁን ወዲያ ደጇን ላይረግጡ ይችላሉ። ጋሼ ይሁኔ ከአንድ ዘመዳቸው ጋር በስጦታ በሰጡት የመዝሙር ካሴት ምክንያት የተኳረፉ ሰው ናቸው።

«የእኔን?»

«የእርስዎን።»

«የሰውዬውንስ?»

«የእሳቸውንም።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም ነቀልሁ ጋሼ። ጽሑፌ ሊሞት ነው።»

ጋሼ ይሁኔ አባዬን አዩት፤ ረጋ ብለው፣ በደንብ አድርገው አዩት። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

«ቀድሞም እንዲህ ብትሉኝ ምን ነበር» አሉ። «እሱማ ማርጀቱን እኔም አውቃለሁ። እስቲ ወጡን ጨምሪልኝ።»

እንግዲህ የማንኩሳው ሽምግልና፣ ጋቢው፣ ቆሞ መለመኑ፣ ሁሉም በዚች አንድ ቃል ነበር የሚያልቀው። ሰውዬው ስጦታቸው መነቀሉ አልነበረም ያመማቸው፤ የሌላው መቅረቱ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት የሥራ ቀናት፣ አንድ ዶሮና የአክስቴ ሰርግ አልቀዋል።

ላፕቶፑ ተነስቷል። እማዬ ጽሑፏን ከፈተች። ሠንጠረዡ ጋ ስትደርስ ትንፋሿን ያዘች፤ እኔም ያዝሁ። ገጹ አለፈ። ወጣት አልሆነም፤ እንደ ቀድሞው ያቃስታል፤ ግን ይራመዳል። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ቀና ሳትል ጻፈች። ሲጠፋ ያልታረመም ያልተቀመጠም የቀራት ነገር አልነበረም።

«አሁን አቶ ስመኘውን ምን ልላቸው ነው?» አለ አባዬ፣ ለግድግዳው ይሁን ለእኛ ሳይለይ።

«ሽማግሌ ላክባቸው» አሉ ጋሼ ይሁኔ እጃቸውን እየታጠቡ።

ለቀልድ ነው ያሉት። አባዬ ግን ቀልድ አይገባውም።

ዓርብ ጠዋት እማዬ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ጽሑፏን በፍላሽ ወስዳ አሳትማ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ወደ ቡሬ ሄደች። አባዬ ደግሞ አያ ፈንቴንና አንድ ሌላ ሽማግሌ ይዞ ወደ ቢሮው ሄደ። እኔ በዚህኛው አልተገኘሁም፤ ሙያዊ ማብራሪያ አያስፈልግም ተብሎ ቀረሁ። የሆነውን የነገሩኝ አያ ፈንቴ ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ከአቶ ስመኘው ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። አቶ ስመኘው ደንግጠው ብድግ አሉ። አያ ፈንቴ ንግግራቸውን አሻሽለውት ስለነበር ከማንኩሳው የበለጠ ያምር ነበር አሉኝ። በክብር እንደ ገባ፣ በክብር እንደ ኖረ፣ ቤቱ እንደ ጠበበ ተናገሩ። አቶ ስመኘው አልገባቸውም። በመጨረሻ አባዬ ራሱ ወለሉን እያየ «ያ የጫኑልን አንቲቫይረስ ነው። ባለቤቴ ሳታማክረኝ ነቀለችው። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ነው» አለ።

አቶ ስመኘው ሳቁ። «እሱ እስከ ዛሬ ነበር እንዴ?» አሉ። «እኔ ከራሴ ላፕቶፕ ካነሳሁት ቆየሁ እኮ። በጣም ያዘገያል።»

እማዬ ወደ ማታ ላይ ዝናብ መትቷት፣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ተመለሰች። ላስቲኩ ባዶ ነበር። «ተቀበሉኝ» አለች፣ ሌላም አልተናገረችም፤ በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ አቀፍኋት። አባዬም እንኳን ደስ ያለሽ አላት፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎታል። ግን እራት አልበላም። ጥግ ይዞ ተቀምጦ «ለራሱ ያልፈለገውን ለእኔ?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ለራሱ ነቅሎ፣ እኔን ይሠራል ወይ እያለ ይጠይቀኛል?» ይላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ አለቃውን ሰላም ሲል ከወገቡ አይታጠፍም። በስብሰባ ላይ ከጎናቸው አይቀመጥም። ለበዓል አልጠራቸውም። ነገሩ ከአያ ፈንቴ ጆሮ ደርሶ «እኔ ላስታርቃችሁ» ቢሉትም እሺ አላለም፤ በቁም ነገር ተቀይሟል። አያ ፈንቴ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ በአባዬ በኩል ያለውን እንዳለዘቡ ወደ አቶ ስመኘው ሊሄዱ አስበዋል።

አቶ ስመኘው እስከ ዛሬ ድረስ እንደተጣሉ አልሰሙም።